ከቁስል ፎቶ እስከ ሠርግ ፎቶ

(በቀድሞ ተመራቂዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሕክምና እንዳትናገሪ፤ ስለዚያኛው ሥራሽ ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሣቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የእነሱ ብቻ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከእናንተ መካከል «ካሜራ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ብሎ የጻፈልኝን ሰው ቤቱ ይቁጠረው። ከጥያቄው ጀርባ ያለውንም አውቃለሁ። የሐኪም ደመወዝ የት ድረስ እንደሚያደርስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚነገረው ሰው የለም።

እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ የቆዳ ሐኪም ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከእህቴ ልጅ ጋር በከፈትነው ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሁለቱን ሥራ የሚያገናኛቸው ቆዳ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በአብዛኛው ስለ ቆዳ ነው። ስለ ገንዘቡም እናገራለሁ፣ አትስጉ።

ፎቶ ማንሣት የተማርሁት ከቁንጭር ነው። ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንም። በስፔሻሊቲ ትምህርቴ ጊዜ ቁንጭር የያዘው ሰው ከገጠር ይመጣል፤ አፍንጫው ላይ ወይም ጉንጩ ላይ ነው፤ በየሳምንቱ ቁስሉ ውስጥ መርፌ ይወጋል። መድኃኒቱ መሥራቱን የምታውቁት የዛሬውን ከባለፈው ጋር አወዳድራችሁ ነው። የባለፈውን ደግሞ ጭንቅላታችሁ አይዘውም፤ ፎቶ ያስፈልጋችኋል። ፎቶውን ባለፈው ሳምንት በመስኮት በኩል፣ ዛሬ በፍላሽ ካነሣችሁት ግን ያወዳደራችሁት ሁለት ብርሃን እንጂ ሁለት ቁስል አይደለም። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ያበጠው የቁስሉ ጠርዝ ጥላ ይጥላል፣ ከፍ ማለቱ ይታያል። ፍላሽ ከፊት ለፊት ሲመታው ያ ጠርዝ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በሽተኛው ሳይድን የዳነ ይመስላል።

ስለዚህ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ርቀት። ከቁስሉ አጠገብ ማስመሪያ። መጀመሪያ ከራቅ ብሎ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ በመጨረሻ ቀረብ ያለ። ይኸን ለሁለት ዓመት ደጋግሜ ሠራሁት። ከዚያ በኋላ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ካሜራ ይዤ ስቆም፣ የቀሚሷ ጥበብ ከፊት ለፊት በተነሣው ፎቶ ላይ ወረቀት መስሎ፣ በጎን ብርሃን በተነሣው ላይ ግን ክሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆኖ ሳየው ምንም አልገረመኝም። የቁስል ጠርዝና የጥበብ ክር ለብርሃን አንድ ናቸው።

«እንዴት ልሻሻል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ስለዚህ ያው ነው፤ ካሜራ አትቀይር፣ ሁኔታውን አትቀያይር። አንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ታጋሽ የቤተሰብ ሰው ይበቃል። ለአንድ ወር አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ አንሡ። ዛሬ ሰውየው ወደ መስኮቱ ይዙር፣ ነገ ጎኑን ይስጥ፣ ከነገ ወዲያ ጀርባውን። ስልክም ይበቃል፤ ግን ፊት ሥር ገብታችሁ አታንሡ። ከቅርብ የተነሣ ፊት አፍንጫው ይተልቃል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና በአጉሊው ሌንስ አቅርቡት። እኔና የእህቴ ልጅ ሰኞ ማታ ማታ «ሞርኒንግ» አለን፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሰዓቱ ግን እንደምታዩት ማታ ነው። የሳምንቱን ፎቶ ዘርግተን ይህ ለምን ጨለመ፣ ይህች ለምን ዐይኗ ጠፋ እያልን እንደ ኬዝ እንከራከራለን። ከየትኛውም የዩቲዩብ ትምህርት ይበልጥ የጠቀመን እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ካሜራ ሰው አያይም፤ የብርሃን መጠን ብቻ ነው የሚለካው። በፊቱ ያለውን ሁሉ ደምሮ «ይህ መካከለኛ ግራጫ ነው» ብሎ ያስባል። ነጭ የሞላበት ቦታ ስትወስዱት ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ጥቁር የሞላበት ቦታ ከሆነ ደግሞ በግድ ያነጣዋል። እስቲ አስቡት፤ እኛ አገር በዓል ማለት ነጭ ነው። ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚቆመውን ሕዝብ፣ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የለበሰችውን ሙሽራ አስቡ። ካሜራው ነጠላውን ያይና ሁሉን ነገር ያጨልማል፤ የሚጨልመው ግን ነጠላው ብቻ አይደለም፣ ፊቱም ነው። ከዚያ ቤተሰቡ ፎቶውን አይቶ «ጠቁራለች» ይላል። ልጅቱ አልጠቆረችም፤ የተሳሳተው መለኪያው ነው። መልስ ላይ ደግሞ ጥቁር ከፋይ ካባ ሲለበስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካባው አመድ ይመስላል፣ ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ይነጣል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ካሜራው ፊትን ብቻ እንዲለካ አድርጉት፤ አብዛኛው ካሜራ ላይ ይህ ምርጫ አለ። ስልክ ከሆነ ፊቱ ላይ በጣት ነካ አድርጉትና ብርሃኑን አስተካክሉ። ነጭ ከበዛ መደመር፣ ጥቁር ከበዛ መቀነስ። በቃ።

ይህ ነገር የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮዳክ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የሷ ፊት ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ማለት ነው። የጠቆረ ፊት እንዴት ይውጣ የሚለውን ማንም አልጠየቀም። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እንደሚናገሩት፣ ፊልሙ ለጠቆረ ቀለም እንዲሻሻል ከጎተጎቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ሰው ሳይሆን ቸኮሌት! እኛስ የተማርንባቸው መጻሕፍት? መቅላት ማለት በነጭ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ ነበር። በእኛ ሰው ቆዳ ላይ ያው መቅላት ወይን ጠጅ፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ጥቁር ቡናማ ሆኖ እንደሚመጣ ያወቅነው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከታካሚው ነው። እዚህ ያላችሁ መምህራን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ቀለምን ካነሣሁ አይቀር ስለ ድንኳን ልናገር። ሸራው የሚያሳልፈው ብርሃን የራሱን ቀለም ይዞ ነው የሚገባው። በሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠ እንግዳ ሳያኖሲስ ያለበት ይመስላል፤ በቢጫው ሥር የተነሡት ሽማግሌ ጃንዲስ ይዟቸው ሳለ ሊመርቁ የመጡ ይመስላሉ። አዳራሽ ከሆነ ደግሞ የዲኮሩ መብራት ሙሽራዋን ግማሽ ሐምራዊ ግማሽ አረንጓዴ ያደርጋታል። እኔ ውል ስዋዋል ከምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ሸራው ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። ነጭ ከሆነ ግማሽ ሥራዬ አለቀ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ሚያዝያ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ የዐይን ጉድጓድ ይጨልማል። ሠርገኛው ደግሞ ሁልጊዜ ሜዳ ላይ መነሣት የሚፈልገው በ7 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ካልሆነ ወደ በረንዳ ጥላ አስገቧቸው።

«ዶክተር፣ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ።»

ይህን የማልሰማበት የሠርግ ወቅት የለም። በኮምፒዩተር ማቅላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገበያውም የሚያደርገው እሱን ነው። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ስገባ የዚሁ ጥያቄ ሌላኛው ጫፍ ይጠብቀኛል። ከሱቅ የተገዛ ማቅያ ክሬም ስትቀባ የኖረች፣ ፊቷ የሳሳ፣ የደም ሥሮቿ የወጡ፣ ብጉር የወረሳት ልጅ ትገባለች። ክሎቤታዞል ያለበት ክሬም ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም። ሃይድሮኩዊኖን ለዓመታት ሲቀባ ኦክሮኖሲስ ያመጣል፤ ልትቀላበት የገዛችው ጭራሽ ያጠቁራታል። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ለኩላሊትም ይተርፋል። ለሠርጓ ብላ የጀመረች፣ ከሠርጓ በኋላ ማቆም ያቃታትን ሴት አክሜያለሁ። እሑድ በማውስ አቅልቼ ሰኞ «ቆዳሽን አትንኪው» ልላት አልችልም።

ስለዚህ ውላችን ላይ አንድ መስመር አለ፤ የቆዳ ቀለም አንቀይርም። ብጉር እናጠፋለን፣ ምክንያቱም ብጉሩ በሳምንቱ ይሄዳል። የእናትየዋን የአንገት ንቅሳት አንነካም። ቀለም አንነካም። በዚህ ምክንያት የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ ገንዘቡ አልቆጨኝም አልልም፤ ቤት ኪራይ አለብን። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር አስተዋልሁ። «ቀላ አድርጊኝ» የሚለው ቺፍ ኮምፕሌይንት ነው እንጂ ዲያግኖሲስ አይደለም። ስንቆፍረው አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው «ፎቶ ላይ ፊቴ አይታይም» የሚል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በነጠላ ተከባ በተሳሳተ መለኪያ ስትነሣ ኖራለች። ስለዚህ ሙሽራዋ ከመልበሷ በፊት ለሙከራ ትመጣለች፤ በመስኮት ብርሃን፣ ፊቷ ተለክቶ ትነሣለች፤ ወዲያው ትልቁ ስክሪን ላይ እናሳያታለን። ቡናማው ቆዳዋ ሲያበራ፣ ዐይኗ ውስጥ መስኮቱ ሲታይ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ «ቀላ» የምትል ጥቂት ናት። አሁን ደንበኞቻችን የሚመጡት በዚሁ ነው፤ «እነሱ ጋ ሰው ራሱን ይመስላል» ተብሎ ነው የሚነገረው።

ገንዘቡ፤ እሺ።

አንድ ሠርግ ስንት ሰዓት ይበላል? ቀኑ ራሱ 12 ሰዓት ነው። 2,500 ጊዜ ታነሣላችሁ፤ 500 ትመርጣላችሁ፤ እያንዳንዱን 3 ደቂቃ ብታስተካክሉት 25 ሰዓት ነው። ከቤተሰብ ጋር ስብሰባና አልበም ማቀናበር 8 ሰዓት ጨምሩ። ድምሩ 45 ሰዓት። አሁን ለስሌት እንዲመቸን በ45,000 ብር ተስማማችሁ እንበል። አልበም 12,000፣ ረዳት አንሺ 6,000፣ ትራንስፖርትና ምሳ 3,000 ብታወጡ 24,000 ቀረ። ሥራው አዋጪ መስሏችሁ ደስ ይላችኋል። ካሜራውስ? መካከለኛ ደረጃ ያላቸው ብዙዎቹ ካሜራዎች መዝጊያቸው የሚሞከረው ለ150,000 ያህል ሾት ነው። ለ2,500 አካፍሉት፤ 60 ሠርግ። ካሜራው 240,000 ብር ከሆነ በእያንዳንዱ ሠርግ 4,000 ብር ካሜራ ትበላላችሁ። 20,000 ቀረ፤ በሰዓት 444 ብር፤ ያውም ከግብርና ከኪራይ በፊት። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሳትጽፉ ዋጋ አትጥሩ። ሰፈር ውስጥ ያለው ልጅ በግማሹ ስለሠራ እናንተም በግማሹ ብትሠሩ፣ ካሜራው ሲሞት ሌላ የምትገዙበት አይኖራችሁም። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለጥር ሠርግ በሰኔ የተስማማ ፎቶ አንሺ ልዩነቱን ከኪሱ ነው የከፈለው። ውላችሁ ላይ የዋጋው የአገልግሎት ጊዜ ይኑር።

ገቢውም እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ትንፋሽ አይሰጥም። ከዚያ 55 ቀን ዝም ይላል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። የጾሙን ወራት ኪራይ በጥር መቆጠብ ያልቻለ ስቱዲዮ ይዘጋል። እኛን ያተረፈን ክርስትና ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ሕፃን ደግሞ ጾም ነው ብሎ ከመወለድ አይታቀብም። ሰኔና ሐምሌ ምርቃት አለ። ንግድ ፈቃዱንና ደረሰኙን በጊዜ ጨርሱ፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ቀብድ ተቀበሉ። ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል፤ ሕጉ እንዲህ ነው፣ ሽማግሌዎቻችንም ያውቁታል። ዘመድ ሲመጣና «አንቺ እኮ ካሜራው አለሽ» ሲል ደግሞ የእኔ ደንብ አጭር ናት፤ ወይ ስጦታ ነው፣ ወይ ሥራ ነው። ስጦታ ከሆነ አንድ ብር አልቀበልም፤ ሥራ ከሆነ ሙሉ ዋጋ ነው። የተቃመሰው ነው የሚያጣላው።

ፋይሉን በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ ሁለት ዓይነት መያዣ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። ሁለት ሜሞሪ ካርድ የሚይዝ ካሜራ ግዙ። ሠርግ አይደገምም። እና አትሙ! የእናቶቻችን ፎቶ ከፎቶ ቤት በወጣ ወረቀት ላይ ስለሆነ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አለ። የእኛ የምርቃት ፎቶ ግን ስንቶቻችሁ ጋ አለ? ፍላሽ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ሄዷል።

አሁን የመጨረሻውና ለመምህራኑ ያመጣሁት ጉዳይ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ ማለት ነው፣ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ የሙሽራዋን ፎቶ ለማስታወቂያ ስለጥፍ አስፈርሜያት ነው። አንድ ሠርገኛ ይህን መብት ሙሉ ለሙሉ ያገኛል። የቁንጭሩ ታካሚስ? የሐኪሞች ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፤ ሙሉ ፊት፣ ካርድ ቁጥር፣ አንዳንዴም ስም ይታያል። ዐይን ላይ ጥቁር መስመር ማድረግ ደግሞ ማንነት አይሸፍንም፤ አፍንጫው ላይ ቁንጭር ያለበትን ሰው ቀበሌው በሙሉ ያውቀዋል። አንቀጽ 28 ለሳይንስና ለትምህርት ጥቅም ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፣ አውቃለሁ። ግን ግሩፕ ማለት ክፍል አይደለም። ፎቶው ከተላከ በኋላ የት እንደሚደርስ ማንም አያዝበትም።

እኔ ሦስት ጥያቄ ለየብቻ እጠይቃለሁ፤ ፎቶው ካርድህ ውስጥ ይቀመጥ? ተማሪዎች ይዩት? መጽሔት ላይ ይውጣ? ለአንደኛው እሺ ያለ ለሦስተኛው እሺ አላለም። በሚገባው ቋንቋ፣ መርፌውን ከመያዜ በፊት እጠይቀዋለሁ፤ መርፌውን ይዤ ብጠይቀው እምቢ ማለት አይችልማ። እምቢ ቢልም ሕክምናው እንደማይቀየር እነግረዋለሁ። የታካሚ ፎቶ አላሳምርም፣ ቀለሙን አልነካም። ክሊኒኬ ውስጥም የስቱዲዮው ካርድ የለም፤ ታካሚዬ ደንበኛዬ ይሁን ብዬ አልጋብዝም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ተማሪው ክሊኒካል ዓመት ሲገባ ግማሽ ቀን ስጡን፤ መስኮት፣ ማስመሪያና የፈቃድ ቅጽ ይዘን እናስተምረው። ስልኩን እንደሆነ ይዞታል፤ ማንሣቱም አይቀርም። እኔ በራሴ ወጪ በዓመት አንድ ጊዜ እመጣለሁ፤ የእህቴን ልጅም ይዤ እመጣለሁ።

የነገው የቡድን ፎቶ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ከአዳራሹ በስተ ምዕራብ ባለው ጥላ ውስጥ እንቆማለን፤ ፀሐዩ ላይ ወጥታችሁ እንዳትጠብቁኝ። ነጠላ የለበሳችሁ በአንድ ወገን ሁኑልኝ። በስልክ የምታነሡ በቴሌግራም ስትልኩልን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ተጨምቆ ይመጣና ለኅትመት አይሆንም። ፎቶው መጽሔቱ ላይ ይወጣል። ምስላችሁ እንዲወጣ የማትፈልጉ ካላችሁ እስከ ምሳ ሰዓት ንገሩኝ፤ እናንተን ሳይጨምር ሌላ እናነሣለን። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።